በማግኔት የሚሰበሰብ ናኖ ካታሊስት፦ ባሕር ዳር ላይ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ተመልሶ ያገለግላል

ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ካታሊስት (አፀግብሮትን የሚያፋጥን ነገር) በማጣሪያ ወረቀት አይያዝም። ወይ ወረቀቱን አልፎ ከምርቱ ጋር ይወርዳል፣ ወይ ቀዳዳውን ደፍኖ ሰዓታት ያስጠብቃል። የቅንጣቱ እምብርት ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) ሲሆን ግን ፍላስኩ ጎን ላይ ጠንካራ ማግኔት መለጠፍ ይበቃል፤ ጥቁሩ ዱቄት በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ግድግዳው ላይ ይሰበሰባል፣ የጠራው ፈሳሽ ይቀዳል፣ ዱቄቱ እዚያው ቀርቶ ለሚቀጥለው ዙር ያገለግላል።

እዚህ የምንሠራው ሦስት ንብርብር ያለው ነው፦ ከውስጥ ማግኔታይት፣ በላዩ የሲሊካ ልባስ፣ ከልባሱ ላይ የተተከለ አሚን (ናይትሮጅን ያለው ቤዝ)። አሚኑ ራሱ ካታሊስት ስለሆነ ፓላዲየም የመሰለ ውድ ብረት አያስፈልግም። የምንፈትነው በክኖቬናግል ኮንደንሴሽን ሲሆን፣ ቤንዛልዲሃይድ ከኤቲል ሳያኖአሴቴት ጋር በኤታኖል ውስጥ ይጣመራል፤ ተረፈ ምርቱ ውሃ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከላቦራቶሪ ማጠቢያ የሚወርደው ሁሉ ሩቅ አይሄድም፤ ሐይቁ ከደጃችን ነው፣ ዓባይም ከጣና ወጥቶ የሚጀምረው ከዚሁ ከተማ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ከመነሻው ይታወቅ። ዱቄቱ ወደ ማግኔት መሳቡ ሥራውን አረንጓዴ አያደርገውም። አረንጓዴ የሚያደርገው ስንት ጊዜ ሳይደክም ተመልሶ መሥራቱና በየዙሩ ስንት ኤታኖል ለማጠቢያ መፍሰሱ ነው። ስለዚህ ከአዘገጃጀቱ ይልቅ የመመለሱን ክፍል አስረዝመናል።

ከመጀመር በፊት

የባሕር ዳር ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ኤታኖል ደግሞ በ73 አካባቢ ነው። የውጭ አሠራር «በኤታኖል ሪፍላክስ 4 ሰዓት» (ትነቱ ቀዝቅዞ እየተመለሰ ማፍላት) ሲል 78 ዲግሪን አስቦ ነው። 5 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል እንጂ አፀግብሮቱን በግልጽ ያዘገየዋል፤ ሰዓቱን በቲኤልሲ (በስስ ንብርብር ክሮማቶግራፊ፣ አፀግብሮቱ የት እንደደረሰ በሚያሳየው ፈተና) እየተከታተላችሁ አስረዝሙ እንጂ ከወረቀት ላይ አትቅዱ።

ውሃው ዲስቲልድ ይሁን። የቧንቧም የሐይቁም ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት አለበት፤ አሞንያ ሲገባ አብሮ ይዘቅጣል። ኤታኖል አገር ውስጥ ፊንጫኣና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሲያመርቱት የኖረ ነው። ዲናቸርድ (እንዳይጠጣ ሌላ ነገር የተጨመረበት) የሆነውን ከመጠቀማችሁ በፊት 5 ሚሊ ሊትር ሰዓት መስታወት ላይ አትንኑ፤ ዝቃጭ ወይም ጠንካራ ሽታ ከቀረ ለመጨረሻው እጥበት አይሆንም። አረቄም አይሆንም፤ ውሃው ይበዛል፣ ሽታ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮችም ከአሚኑ ጋር ይጣበቃሉ።

ማግኔቱን ከኮምፒዩተር ጠጋኞች ማግኘት ይቻላል፤ ከተጣለ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚወጣው ኒዮዲሚየም ነው። ከድሮ ስፒከር የሚወጣው ጥቁር ቀለበትም ይሠራል፣ ግን ደካማ ስለሆነ ዱቄቱን ለመሰብሰብ ብዙ ደቂቃ ይፈልጋል። ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን ስለሚያጣ ከትኩስ ፍላስክ ጋር አታቆዩት። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሉት፤ ዱቄቱ አንዴ በቀጥታ ከተለጠፈበት አይለቅም።

ማማሰያው ከላይ የሚገባ፣ ሞተር ያለውና ዘንጉ የመስታወት ወይም የቴፍሎን የሆነ መሆን አለበት። የተለመደው ማግኔቲክ ስተረር እዚህ ጠላት ነው፤ የሠራችሁት ቅንጣት በሙሉ ፈሳሹ ውስጥ በምታማስለው የማግኔት ባር ላይ ተለጥፎ ይሽከረከራል፣ ፈሳሹ ካታሊስት አልባ ይቀራል። ከላይ የሚገባ ማማሰያ ከሌለ መንቀጥቀጫ ሼከር ይሻላል።

አሞንያ፣ ቲኢኦኤስ (ቴትራኤቲል ኦርቶሲሊኬት፣ የሲሊካው መነሻ) እና አሚኖሲላን (የአሚኑ መነሻ) በጭስ መሳቢያ ስር ብቻ ይከፈቱ። የቲኢኦኤስ ትነት ዓይን ይጎዳል። የደረቀ ናኖ ዱቄት በጭምብል ይነካ፤ በተቻለ መጠን ደግሞ ኤታኖል ውስጥ እርጥብ ሆኖ ይቀመጥ።

ማግኔታይቱን ማዝቀጥ

የሁለቱ የብረት ዓይነቶች ልኬት በሞል ፌሪክ (ብረት 3+) 2 ለፌረስ (ብረት 2+) 1 ነው። ለአንድ ዙር፦

ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት 5.41 ግራም (0.02 ሞል)
ፌረስ ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት 2.78 ግራም (0.01 ሞል)
ዲስቲልድ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር
25 ከመቶ አሞንያ 20 ሚሊ ሊትር

ፌረስ ሰልፌቱን ከመመዘን በፊት ተመልከቱት። ንጹሕ ከሆነ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ላዩ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ከፊሉ ወደ ፌሪክ ተለውጧል፤ ልኬቱ ይዛባል፣ የምታገኙትም ወደ ዝገት የሚያደላ ቡናማ ጭቃ ይሆናል። ናይትሮጅን ሲሊንደር ከሌለ 3.0 ግራም አድርጉት፤ በሥራው መካከል አየር የሚያቃጥለውን ያካክሳል።

ውሃውን 20 ደቂቃ አፍሉና አፉን ከድናችሁ ወደ 60 ዲግሪ አቀዝቅዙ። ይህ የሟሟውን ኦክሲጅን ያስወጣል። ናይትሮጅን ካለ በዚህ ጊዜ ይንፋ። መጀመሪያ ፌሪኩን አሟሙ፣ ቀጥሎ ፌረሱን፣ ወዲያውም ወደ አሞንያው እለፉ። የብረቱን ውሕድ አሞንያ ሳይገባበት ረጅም ጊዜ ማሞቅ ስህተት ነው፤ ፌሪኩ ብቻውን ቡናማ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ያ ዝቃጭ ወደ ማግኔታይት አይመለስም።

በፍጥነት እያማሰላችሁ አሞንያውን በ5 ደቂቃ ውስጥ አስገቡ። ፈሳሹ ወዲያው ድቅድቅ ጥቁር ይሆናል። ፒኤች ከ10 በታች ከሆነ ጥቂት አሞንያ ጨምሩ። ከዚያ ወደ 80 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ 30 ደቂቃ አቆዩ። ከመጀመሪያው በ80 ዲግሪ አትጀምሩ፤ አሞንያው ሳይሠራ ተንኖ ያልቃል።

በማግኔት ሰብስቡ፣ ፈሳሹን ድፉ፣ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ፒኤቹ 7 እስኪደርስ እጠቡ። ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 እጥበት ይበቃል። መካከል ላይ ፈሳሹ ቡናማ ጥቁር ሆኖ አልጠራ ቢል ዱቄቱ አልተበላሸም፤ ጨው ስለታጠበ ቅንጣቶቹ በቻርጃቸው እየተገፋፉ ነው። ጥቂት ኤታኖል ጨምሩበት፣ ይሰበሰባል። ሰልፌቱ ማለቁን ለማረጋገጥ ከእጥበቱ ጥቂት ወስዳችሁ በጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሲዳማ ካደረጋችሁ በኋላ ባርየም ክሎራይድ ጨምሩ፤ ነጭ ደመና ከመጣ ገና ነው።

የንድፈ ሐሳብ ምርቱ 2.32 ግራም ነው። ከዚህ በላይ ከመዘነ ወይ አልደረቀም ወይ ጨው ይዟል።

ግን ሁሉንም አታድርቁት። ማግኔታይት እርቃኑን ሲደርቅ ተጣብቆ እንደ ጠጠር ይሆናል፣ በኋላ ሶኒኬተርም (በድምፅ ሞገድ የሚበትን መሣሪያ) ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። ሁለት ጊዜ በኤታኖል አጥባችሁ መጠኑን በኤታኖል 50 ሚሊ ሊትር አድርሱ፣ አናውጡ፣ 2.0 ሚሊ ሊትር ብቻ ወስዳችሁ በ60 ዲግሪ አድርቃችሁ መዝኑ። ለምሳሌ 84 ሚሊ ግራም ከሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር 42 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው፤ 1 ግራም ሲያስፈልግ 23.8 ሚሊ ሊትር ትቀዳላችሁ።

ሲሊካ ማልበስ

እርቃኑን ያለ ማግኔታይት አየርና አሲድ ይበሉታል፤ አሚኖሲላኑም በደንብ የሚተከለው ሲሊካ ላይ ነው።

1 ግራም ማግኔታይት የያዘውን የኤታኖል ድብልቅ ወስዳችሁ በኤታኖል 160 ሚሊ ሊትር አድርሱ፣ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ፣ 20 ደቂቃ ሶኒኬት አድርጉ። ሶኒኬተር ከሌለ አስቀድማችሁ ማግኔታይቱን 0.3 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት በሟሟበት 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ አማስሉ፤ ሲትሬቱ ቅንጣቶቹን ይለያያቸዋል። ከዚያ 4 ሚሊ ሊትር አሞንያ አስገቡ። 2 ሚሊ ሊትር ቲኢኦኤስ በ10 ሚሊ ሊትር ኤታኖል አቅጥናችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ጠብታ በጠብታ አፍስሱ፤ በክፍል ሙቀት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይማሰል።

ቲኢኦኤሱ በአንዴ ከፈሰሰ ልባስ ከመሆን ይልቅ ለብቻው የሲሊካ ኳስ ይሠራል። ምልክቱ ማግኔት ካስጠጋችሁ በኋላ ላዩ ወተት መስሎ መቅረቱ ነው። ያንን ወተት ድፉት፤ ፈሳሹ እስኪጠራ በኤታኖል መታጠብ አለበት፣ አለበለዚያ የሚቀጥለው አሚን በማግኔት በማይሰበሰብ ሲሊካ ላይ ይተከልና ከምርቱ ጋር ይጠፋል።

ሥራውን ጠዋት ጀምሩት። መብራት ቢጠፋና ማማሰያው ቢቆም ቅንጣቶቹ ወደ ታች ተከማችተው አብረው በአንድ ልባስ ይጠቀለላሉ። በየጥቂት ደቂቃው ፍላስኩን በእጅ ማናወጥ ሥራውን ያድናል፤ ሌሊት ማንም በሌለበት ቢጠፋ ግን አይድንም።

ልባሱ ሙሉ መሆኑን በርካሽ መፈተን ይቻላል። 20 ሚሊ ግራም እርቃን ማግኔታይትና 20 ሚሊ ግራም የለበሰውን በየራሱ 5 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አሳድሩ። እርቃኑ ፈሳሹን ቢጫ ያደርገዋል። የለበሰው እንደ ጠራ ወይም ወደዚያ ተጠግቶ ማደር አለበት። ጠብታ ፖታሲየም ታዮሳያኔት ጨምራችሁ ደም ቀይ ከሆነ ብረት እየወጣ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ቲኢኦኤስ ልባሱን ድገሙት።

አሚኑን መትከል

ብዙዎቹ ይህን በደረቅ ቶሉይን ሪፍላክስ ይሠሩታል። ልባሱ ጥቅጥቅ ያለ እንደሚሆን አይካድም፤ ነገር ግን ለአረንጓዴ ኬሚስትሪ ብሎ የተነሳ ሰው በመንገዱ 50 ሚሊ ሊትር ቶሉይን ሲያፈስ ምን አተረፈ? እዚህ የምንመርጠው ኤታኖልን ነው።

1 ግራም የለበሰ ዱቄት በ50 ሚሊ ሊትር 95 ከመቶ ኤታኖል በትኑ፣ 1 ሚሊ ሊትር ሶስት-አሚኖፕሮፒል ትራይኤቶክሲሲላን (አፕቴስ) ጨምሩ፣ በ60 ዲግሪ 6 ሰዓት አማስሉ። ለሲላኑ የሚያስፈልገውን ውሃ ኤታኖሉ ውስጥ ያለው 5 ከመቶ ይሸፍነዋል፤ ተጨማሪ አታስገቡ፣ ሲላኑ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ሙጫ ይሆናል። በክረምት እርጥበት ጊዜ የአፕቴስ ጠርሙስ ክዳን ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ። ሦስት ጊዜ በ10 ሚሊ ሊትር ኤታኖል እጠቡ፣ በ80 ዲግሪ 4 ሰዓት አድርቁ፤ ይህ ማድረቅ የሲላኑን ትስስር ያጠነክራል።

ማረጋገጫው ኒንሃይድሪን ነው። 5 ሚሊ ግራም ዱቄት ላይ 1 ሚሊ ሊትር 2 ከመቶ ኒንሃይድሪን በኤታኖል ጨምራችሁ 5 ደቂቃ በሙቅ ውሃ አሙቁ። ዱቄቱ ጥቁር ስለሆነ ቀለሙን ፈሳሹ ላይ ፈልጉ፤ ወይን ጠጅ መሆን አለበት። የመጨረሻውን የእጥበት ኤታኖልም እንዲሁ ፈትኑት። እሱም ወይን ጠጅ ከሆነ ያልተተከለ አሚን ቀርቷል፤ በመጀመሪያው ዙር በጣም ጥሩ፣ በሁለተኛው የወደቀ ውጤት የሚሰጠው እንዲህ ያለው ካታሊስት ነው።

መጠኑን ለማወቅ 0.100 ግራም ዱቄት በ10.0 ሚሊ ሊትር 0.02 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 30 ደቂቃ አናውጡ፣ በማግኔት ለዩ፣ 5.0 ሚሊ ሊትሩን በ0.02 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት አድርጉ። 3.75 ሚሊ ሊትር ቢወስድ በሙሉው 10 ሚሊ ሊትር ውስጥ የቀረው 0.15 ሚሊሞል ነው፤ ከገባው 0.20 ላይ ሲቀነስ 0.05፣ ማለትም በግራም 0.5 ሚሊሞል አሚን። ፈሳሹ ቢጫ ከሆነ ብረት ሟሟቷልና ቁጥሩ አይታመንም፤ ወደ ልባሱ ተመለሱ።

ሥራ ላይ ማዋል

ቤንዛልዲሃይድ 1.06 ግራም (10 ሚሊሞል)፣ ኤቲል ሳያኖአሴቴት 1.13 ግራም (10 ሚሊሞል)፣ ኤታኖል 10 ሚሊ ሊትር፣ ካታሊስት 0.20 ግራም። አሚኑ በግራም 0.5 ሚሊሞል ከሆነ ይህ 1 ሞል ከመቶ ነው። በ50 ዲግሪ አማስሉ። በየ30 ደቂቃው ቲኤልሲ ውሰዱ፤ ሄክሴን 4 ለኤቲል አሴቴት 1፣ በ254 ናኖሜትር መብራት ይታያል። ከኤቲል ሳያኖአሴቴት ፈንታ ማሎኖናይትራይል ይፈጥናል፣ ግን መርዛማ ነው፤ ለተማሪ ላቦራቶሪ አንመክርም።

ይህ አፀግብሮት ሲበላሽ ከካታሊስቱ በፊት ቤንዛልዲሃይዱን ጠርጥሩ። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ አየር ወደ ቤንዞይክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ክዳኑ ጥግ ላይ የሚታየው ነጭ ክሪስታል እሱ ነው። 1 ሞል ከመቶ አሚን ይዛችሁ በቤንዛልዲሃይዱ ውስጥ 1 ሞል ከመቶ ቤንዞይክ አሲድ ካለ፣ አሚኑ ሥራ ሳይጀምር ጨው ሆኖ ይቀመጣል። በ10 ከመቶ ሶዲየም ካርቦኔት ሁለት ጊዜ፣ በውሃ አንድ ጊዜ እጠቡት፣ በሶዲየም ሰልፌት አድርቁት፣ ከተቻለ ዲስቲል አድርጉት፤ የዚያኑ ቀን ተጠቀሙበት።

ሁለት ማነጻጸሪያ አብረው ይሂዱ፦ አንዱ ያለ ካታሊስት፣ ሌላው አሚን ያልተተከለበትን የሲሊካ ልባስ ይዞ። እነዚህ ሳይሠሩ «ካታሊስቴ ሠራ» ማለት አይቻልም።

ሲያልቅ ማግኔት አስጠጉ፣ ትኩሱን ፈሳሽ ወደ ሌላ ቢከር ቅዱ፣ በረዶ ውስጥ አስቀምጡ። ኤቲል አልፋ-ሳያኖሲናሜት ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ በ50 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ካልወረደ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ አንጠባጥቡበት። ሙሉው ምርት 2.01 ግራም ነው። ምርቱን ኦቨን ውስጥ አታድርቁት፣ ይቀልጣል።

መመለስ፣ ማጠብ፣ እንደገና መሥራት

ፍላስኩ ውስጥ የቀረውን ዱቄት በ3 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ሦስት ጊዜ እጠቡ። በ10 ሚሊ ሊትር ሦስት ጊዜ ማጠብ ልማድ ሆኗል፤ ግን አስሉት። 1.81 ግራም (90 ከመቶ) ምርት ብታገኙ፣ ለአፀግብሮቱ 10 ሚሊ ሊትር፣ ለእጥበት 30 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ማለት 31.6 ግራም ነው፤ ለ1 ግራም ምርት 17 ግራም ተኩል ኤታኖል። በ3 ሚሊ ሊትር ስታጥቡ ድምሩ 15 ግራም፣ ለ1 ግራም ምርት 8 ግራም ገደማ ይሆናል። ኬሚስቱ ሮጀር ሼልደን በ1992 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ኢ-ፋክተር (ለ1 ግራም ምርት የሚወጣው ቆሻሻ በግራም) የሚለካው እንዲህ ያለውን ነው። ከዚህም የሚሻል አለ፦ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እጥበት አትድፉ፣ የሚቀጥለው ዙር መሟሟቻ ይሁኑ። ውስጣቸው ያለው ጥቂት ምርት ያው የሚመረተው ነው። የዙሩን ምርት ስትመዝኑ ግን ይህን አስቡበት።

በየዙሩ ማድረቅ አያስፈልግም፤ እርጥቡን ዱቄት እዚያው ፍላስክ ውስጥ ተዉትና አዲስ ግብዓት ጨምሩ። በመጀመሪያውና በ5ኛው ዙር መጨረሻ ግን አድርቃችሁ መዝኑ። በመቅዳት ብቻ በየዙሩ 3 ከመቶ ቢጠፋ 200 ሚሊ ግራም ከ5 ዙር በኋላ 172 ሚሊ ግራም ይሆናል። ምርቱ ሲቀንስ ካታሊስቱ ደከመ ከማለት በፊት ይህን ተመልከቱ፤ የደከመው ዱቄቱ ሳይሆን የቀዳው እጅ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያታልለው የመጨረሻውን ምርት ብቻ ማነጻጸር ነው። 3 ሰዓት የሚሮጥ አፀግብሮት በ1 ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ፣ ካታሊስቱ ግማሽ አቅሙን ቢያጣም በ3 ሰዓት ላይ ምርቱ ያው 90 ከመቶ ይሆናል። «5 ጊዜ ሳይደክም ሠራ» የሚል ሥዕል ይወጣል፣ ውሸት ነው። በየዙሩ በ20ኛው ወይም በ30ኛው ደቂቃ፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ፣ ናሙና ውሰዱና እሱን አነጻጽሩ።

ሌላው ፈተና በትኩስ መለየት ነው። አፀግብሮቱ ግማሽ ሲደርስ ሳይቀዘቅዝ በማግኔት ለዩ፣ ፈሳሹን ብቻ ወደ ሞቀ ፍላስክ ቅዱ፣ በዚያው ሙቀት 2 ሰዓት ቀጥሉ። ያለ ካታሊስት ከሄደው ማነጻጸሪያ በላይ ከገፋ ሥራውን የሚሠራው ከዱቄቱ የለቀቀ አሚን ነው። ፈሳሹ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ፈተናውን ዋጋ ያሳጣዋል፤ የለቀቀው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላል።

ደክሞ ስታገኙት መንስኤው ብዙ ጊዜ አሲድ፣ አሚኑ ከአልዲሃይድ ጋር ተያይዞ የቀረ ኢሚን፣ ወይም ከአየር የገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 2 ከመቶ ትራይኤቲልአሚን ባለው 5 ሚሊ ሊትር ኤታኖል 15 ደቂቃ አናውጡ፣ ከዚያ በንጹሕ ኤታኖል በደንብ እጠቡ። አቅሙ ከተመለሰ ችግሩ መመረዝ ነበር። ካልተመለሰና የታይትሬሽኑ ቁጥር ከቀነሰ አሚኑ ተነቅሏል፤ ዱቄቱን አትጣሉት፣ ከአፕቴስ ደረጃ እንደገና ጀምሩ። እምብርቱና ልባሱ ደህና ናቸውና።

ሙቅ አልካሊ ውሃ ግን ሲሊካን ያሟሟል። ፒኤቹ ከ10 በላይ በሆነና በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ይህን ካታሊስት አትጠቀሙ፤ አሚኑ ከነወለሉ ነው የሚወርደው።

የመጀመሪያው ደረጃ የአሞንያ እጥበት በቀጭን አሲድ ፒኤቹ 7 አካባቢ ከደረሰ በኋላ ዝቃጩ በማግኔትና በማስቀመጥ ይለይ። ያረጀ ዱቄት በክዳን ጠርሙስ፣ ኤታኖሉ በሌላ ጠርሙስ ይሰብሰብ፤ ኤታኖሉ ተጣርቶ ለመጀመሪያ እጥበት ያገለግላል። ማጠቢያው ውስጥ የሚፈስ ነገር ካለ ከመፍሰሱ በፊት ማግኔት አሳዩት፤ ከታች ጥቁር መስመር ከተሰበሰበ ገና አላለቀም።